ሥሩ ከነፕላስቲኩ ወጣ

ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የደረቀ ችግኝ ስነቅል፣ ሥሩ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ወጣ።

ሁለተኛውን ነቀልኩ። ያው ነው።

የተከልነው እኛ ነን። «ፕላስቲክ ይብቃ» የሚል ቲሸርት የምታሳትም፣ አንድ ክፍል ቢሮ ያላት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት።

በተከላው ቀን የጋበዝናቸው እንግዶች ለፎቶ ሲቸኩሉ ባልደረቦቼም አብረው ቸኮሉ። ፕላስቲኩን ቀድደው ሳያወጡ አፈር መለሱበት። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጠቅልሎ ቀረ።

በጋውን ሙሉ ከሦስተኛ ፎቅ ውኃ እያወረዱ ችግኞቹን ያጠጡት እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመዋል።

«ውኃ አብዝቼባቸው ነው፣ አይደል ልጄ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ይኸው ፕላስቲኩን ይዩት።»

«ተው እንጂ! እናንተ የተማራችሁት ልትሳሳቱ? ልታጽናናኝ ነው። የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም።»

ቢሮ ደውዬ ጮህኩ። አስተባባሪያችን ረጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም ጸድቀዋል ብለን ሪፖርት ልከናል እኮ» አለችኝ።

እንኳን ደስ አለን።

የቀሩት ገና አረንጓዴ ናቸው። በዚህ ፀሐይ ቆፍሬ ባወጣቸው ይደርቃሉ፤ ብተዋቸውም ይታፈናሉ። ቆሜ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ልወጣ ስል እትዬ አስካለ ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ አገኘኋቸው።

«አታስብ» አሉኝ፤ «እነዚህን እንኳ በትንሽ በትንሹ ነው የማጠጣቸው።»

እናንተ ሰፈር የተተከለውስ እንዴት ሆነ? ከሥሩ ያየው ሰው አለ?