ጾመኞቹ ወተት ቀማሾች

ቦሌ ለሚ አካባቢ በሚገኝ አንድ የወተት ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ነጭ ጋዋንና ቴርሞሜትር ሰጡኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምላስሽም የፋብሪካው መሣሪያ ነው። ከቅምሻ በፊት ቡና የለም፣ ሽንኩርት የለም» አሉኝ። ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ተጋፍቼ ስለመጣሁ ገና ከጠዋቱ ደክሞኝ ነበር። ዛሬ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ሆኜም ያ ድካም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ሥራውን ላስረዳ። ወተቱ ሲገባ አሲዱን፣ ቅባቱንና ውሃ የተጨመረበት መሆን አለመሆኑን በላቦራቶሪ እንለካለን። በሙቀት ከታከመና ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ቀምሶት እኔ ካልፈረምኩ ወደ ማሸጊያ አያልፍም። ቅምሻው ያስፈለገው አንዳንድ ጉድለት ከመሣሪያ ስለሚያመልጥ ነው። ለምሳሌ ቅባቱ መበላሸት ሲጀምር ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ያመጣል፤ የአሲድ ምርመራው ግን ላያሳየው ይችላል።

ለቅምሻ የሠለጠንነው እኔና ከድር ብቻ ነበርን። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ የተቀጠረ ቴክኒሻን። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም እሱ ይቀምሳል፤ በረመዳን እኔ። ማንም አላዘዘንም፤ እያደር ደንብ ሆነ። ሁለቱ ጾሞች የተገጣጠሙ ዓመት ግን ታንከሩ ፊት ቆመን ተያየን።

«ህይወት፣ ተራው የማን ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«የእግዜር» አልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በማሽተት አለፍን። አንድ ጠዋት ግን ሽታው ደስ አላለኝም። ላቦራቶሪው «ደህና ነው» ይላል። ከድር ትንሽ አሰበና ናሙናውን አሙቆ ምላሱን ነካ አደረገ፣ ወዲያው ተፋው፣ አፉንም ተጉመጠመጠ።

«ሳሙና» አለ።

የምርት ኃላፊው አቶ ደረጀ እየተጣደፉ መጡ። ታንከሩ ሙሉ ነው፤ የማከፋፈያው መኪና በር ላይ ቆሟል።

«ከሌሊት ጀምሮ ውሃ ባልነካው ምላስ ነው ይህን ሁሉ ወተት የምደፋው? ተሳስቶ ከሆነ እዚህ ሥራ ላይ አይቀጥልም!»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱት» አልኳቸው።

«እኔማ ጾመኛ ነኝ!»

የመኪናው ሹፌር በላይ ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። «የሚቀምስ ጠፋ ነው የምትሉት? እኔ አለሁ።»

«አንተ ሰው፣ ሁዳዴ ገባ እኮ!» አለው ከድር።

«የእኔ ከጾሙ እኩሌታ ነው የሚገባው።»

ከታንከሩ የተቀዳውን ቀዝቃዛ ብርጭቆ አንስቶ ጨለጠው። «ቆንጆ ወተት! ሌላ አለ?»

«በቃ፣ ፈርሚ» አሉኝ አቶ ደረጀ። በዚያ ፋብሪካ «ፈርሚ» የሚለውን ቃል ከስሜ ይበልጥ ሰምቼዋለሁ። ከድር ከሥራው እንዳይባረር ፈራ። ልጆች አሉት።

ቅዝቃዜ ጉድለትን ይደብቃል፤ ወተት ለቅምሻ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ከዚያው ታንከር ቀድቼ ለብ አደረግኩና ለበላይ ሰጠሁት። አንዴ ፉት ብሎ ፊቱን አኮማተረ።

«ብርጭቆውን አላለቀለቃችሁትም እንዴ?»

«በሌላ ብርጭቆ ስጪው» አሉ አቶ ደረጀ። ሰጠሁት። አሁንም ፉት ብሎ መለሰልኝ።

«ይቅርብኝ፤ ከዛሬ ጀምሬ ልጹም» አለ።

አቶ ደረጀ ወተቱ እንዲደፋ አዘዙና ወጡ። ከድርን ይቅርታ አላሉትም፤ እሱም አልጠበቀም። እሱን የጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። «ጠብታ ውጬ ቢሆንስ?» እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። ከዒድ በኋላ በዚያ ቀን ምትክ ሌላ ቀን ጾመ። ይህንን ያወቅኩት ምሳ ልጋብዘው ብዬ እምቢ ሲለኝ ነው። ፋብሪካው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ቆይቶ ሁለቱንም ጾም የማይጾም ሦስተኛ ቀማሽ ተመድቦ ሠለጠነ፤ አሠራሩም ተስተካክሎ ተጻፈ።

ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህን ነው፦ የጥራት አሠራር ስትጽፉ ሥራውን ማን እንደሚሠራ ጽፋችሁ አታቁሙ፤ ያ ሰው መቼ ሊሠራው እንደማይችል ራሱን ጠይቁት። ካልጠየቃችሁት ክፍተቱን ከራሱ ቆርሶ ይሞላዋል፣ እናንተም አታውቁለትም።