የኋላው ጠርዝ

ባሌ ኦርቪል ሃቭሊክ ኮሌጅ ገብቶ አያውቅም። እኔም አሥረኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው በከተማችን ኮሌጅ ወጥ ቤት ሳህን ማጠብ የጀመርኩት። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጁ ልጆች ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ፉትቦል ሲጫወቱ ኦርቪል ከሜዳው ዳር ጠፍቶ አያውቅም። ሥራው ሰንሰለቱ ላይ ነበር። ደመወዝ የለውም። ብርቱካናማ ሰደርያ ያለብሱታል፤ በእረፍት ሰዓት ቺሊ ከሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ አንድ ሳህን ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይሰጡታል፤ በቃ።

ሰንሰለቱን የሚይዙት የዶርንፊልድ ከተማችን ሰዎች ናቸው። ጌይለን የኋላውን ዘንግ፣ አሳማ ነጋዴው ማይሎ የፊቱን ዘንግ ይይዛሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰንሰለት አሥር ያርድ ነው፤ ዘጠኝ ሜትር ያህል። ዱዌይን ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር ይዞ ይቆማል። አንድ ቡድን በአራት ሙከራ ያንን አሥር ያርድ ካላለፈ ኳሱን ለሌላው ያስረክባል። የኦርቪል ድርሻ መቆንጠጫው ነው። ሜዳው ላይ በየአምስት ያርዱ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ሰንሰለቱ አንዱን መስመር በሚያቋርጥበት ቦታ፣ በመስመሩ የኋላ ጠርዝ ልክ፣ መቆንጠጫውን ሰንሰለቱ ላይ ያስነክሰዋል። ኳሱ አለፈ አላለፈ የሚል ክርክር ሲመጣ ሰንሰለቱን ይዘው ወደ መሃል ይገቡና መቆንጠጫውን እዚያው መስመር የኋላ ጠርዝ ላይ አድርገው ይዘረጉታል። መስመሩ ራሱ አንድ ጋት ይሰፋል። ሰው በዚያች ጋት ይጣላል።

ዋናው ዳኛ ከመወሰኑ በፊት የመስመር ዳኛው «የኋላ ጠርዝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኦርቪልም «የኋላ ጠርዝ» ብሎ ይመልሳል። በሠርጋችን ቀን ለቄሱ የመለሰውም በዚሁ ድምፅ ነበር።

የእርሻ መሬታችን በዕዳ በጨረታ የሄደው ከ1987ቱ መከር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኦርቪል የእህል ጎተራ መጥረግ ጀመረ። ሰዎች ሱቅ ውስጥ ሲያገኙት ስለ ዝናብ ማውራት ተዉ፤ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ለእሱ ምኑም አልነበረምና። ቅዳሜ ሰደርያውን ሲለብስ ግን ሰው ይጠራዋል።

በ1987 በጋ ሊንከን ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም የሁለቱም ዓይኑ መሃል እየሞተ እንደሆነ ነገረን። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ግን እንደ ተጠረገ ጥቁር ሰሌዳ ነው የሚያየው። ስንመለስ መኪናውን እኔ ነዳሁ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ መንገድ ላይ። «ከሰንሰለቱ ያወርዱኛል።»

«ብትወርድ ይሻልህ ይሆናል።»

«ምኑ ነው የሚሻለኝ? ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው?»

ለማንም አልተናገርኩም።

ያን መከር ልጆቹ በየጨዋታው ተሸነፉ። ኦርቪል ግን አንድም ስህተት አልሠራም። እኔ ቺሊ የምሸጥበት ቦታ ከአጥሩ ሥር ስለሆነ ምክንያቱን አይቻለሁ። ሰንሰለቱ በተተከለ ቁጥር ጌይለን በጫማው ጫፍ የመስመሩን የኋላ ጠርዝ ቧጨር ቧጨር ያደርጋል፤ ጭቃ የሚያራግፍ መስሎ። ኦርቪል እግሩን በዓይኑ ጥግ ያየውና እዚያው ላይ ያጎነብሳል። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

ማይሎ አንድ ቀን «አንተ ጌይለን፣ እግርህን ምን ያሳክክሃል?» ብሎ ከወዲያኛው ዘንግ ጮኸ።

«አሳማዎችህ ናቸው! ያንተን ግቢ ከረገጥኩ ወዲህ የጸዳልኝ ጫማ የለም።»

«ዝናብ ሲዘንብ ከአሳማዎቹ ጋር አብራችሁ ታጠቡ።»

«አንተ መጀመሪያ ዘንጉን አቅናው። ስታጨስ ይጋደላል።»

«ሲጋራ አቁሜያለሁ ስልህ!»

ኦርቪል ይስቃል። እኔ ቺሊዬን አማስላለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ኅዳር ላይ ከአዮዋ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛ ልጆች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር፤ ኳሱም በእጃቸው ነው። ያን መከር እንዲህ ያለ ነገር አላየንም። አንድ ግዙፍ የአዮዋ ልጅ ከመስመር ወጥቶ ተንሸራተተና ጌይለንን ጠርጎ ጣለው። ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሁለት ሰው ደግፎ አግዳሚ ላይ አስቀመጠው፤ ዘንጉንም የኮሌጁ ፓስተር ተቀበለ። ደግ ሰው ነው። ግን መስመር በእግሩ አይቧጭርም።

ሰንሰለቱ እንደገና ተተከለ። ኦርቪል ቆም አለ፣ ግራ ቀኝ አንገቱን አዘነበለ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቆነጠጠ። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ዋናው ዳኛ ይለካ አለ። ልጆቹ ካለፉ ኳሱን ይዘው ሰዓቱን ይጨርሳሉ፤ ካላለፉ አዮዋዎች ይወስዱታል። ዱዌይን የፊቱ ዘንግ ተተክሎበት የነበረው ቦታ ላይ እንደ ልማዱ ቁጥሩን ይዞ ቆመ፤ ሌሎቹ ሰንሰለቱን ይዘው ገቡ። ተዘረጋ። የኳሱ አፍንጫ ከዘንጉ አለፈች፤ ከጋት በታች ቢሆንም አለፈች። ሕዝቡ አጥሩን እስኪያናውጠው ጮኸ።

የመስመር ዳኛው ወጣት ነው። «የኋላ ጠርዝ ነው፣ ጌታዬ?»

ኦርቪል እንዳጎነበሰ መቆንጠጫውን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጌታዬ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት?»

«አላየሁትም። ዓይኔ አያይም።»

ይህን በኋላ የነገረን ማይሎ ነው። ከአጥሩ ሥር የሰማነው የልጆቻችንን አሰልጣኝ ድምፅ ነው። «ኦርቪል! ምን እያልክ ነው?» ከኋላዬም አንዱ «አዎ በለው እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!» ብሎ ጮኸ።

ዋናው ዳኛ ሰንሰለቱን ትቶ፣ የፊቱ ዘንግ የነበረበትን ቦታ ይዞ ወደ ቆመው ዱዌይን ሄደና ከእሱ እስከ ኳሱ ድረስ ሜዳውን በዓይኑ አቋረጠ። ኳሱ ከጋት ያነሰ ቀርቶታል፤ መቆንጠጫው የፊቱን ጠርዝ ይዞ ኖሯል። ኳሱን ለአዮዋ ሰጠ። አዮዋዎች በሦስት ሙከራ ሜዳውን ጨርሰው አገቡና አሸነፉን።

ኦርቪል ያን አላየም። መቆንጠጫውን ለወጣቱ ዳኛ አስረክቦ፣ ሰደርያውን አውልቆ፣ ብቻውን ወደ መኪናዎቹ ሄዷል። ድስቱን ከድኜ ተከተልኩት። የማይሎ ቡናማ ፒካፕ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የእኛም ቡናማ ነው።

«ቁልፉን አምጪ እስቲ» አለኝ።

«ይሄ የኛ መኪና አይደለም፣ ኦርቪል።»

ዳሽቦርዱን ዳበሰ፤ አነፈነፈ። «የማይሎ ነው። ሲጋራ አቁሜያለሁ የሚለው ውሸቱን ነው።»

ከጎኑ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል።

«ለጌይለን ንገሪው፤ ለከርሞ በኔ ቦታ ሰው ይፈልግ።»

«ጌይለን ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጨዋታ። ጫማውን አላየህም?»

«እግሩ ካለበት እቆነጥጥ ነበር፤ የሚያራግፈው ግን ጭቃ መስሎኝ ነበር» አለ። «ማይሎስ?»

«ማይሎም፣ ዱዌይንም የሚያውቁ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ሁላችሁም ዝም አላችሁ?»

«አዎ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። ያለቅሳል ብዬም ጠበቅሁ፤ አላለቀሰም። ሰዎች ከሜዳው እየወጡ በመስኮቱ በኩል ያልፉ ጀመር። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ አየን።

«እንሂድ» አለ በመጨረሻ። «ማይሎ ሳይመጣ።»

ወርጄ በእሱ በኩል ዞርኩና ክንዴን ሰጠሁት። ሰው እያየ ክንዴን ይዞ አያውቅም ነበር። ያዘኝ፤ መኪናችንም ከሌሎቹ መኪናዎች ጀርባ ርቃ ስለቆመች፣ በሕዝቡ መሃል ቀስ ብለን ሄድን።