በጥድፊያ የተጻፉት ስልሳ አንድ ገጾች

የሚያውቋት ሁሉ እትዬ ብሎን ይሏታል። የስፌት ማሽን ጠጋኝ ናት። ሱቋ በቁመት አምስት እርምጃ፣ በወርድ ሦስት እርምጃ ነው። ግድግዳው ላይ ካቻቢቴዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ተሰቅለዋል። ከመርፌ ሣጥኖቹ አጠገብ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ ቁልፎቹ በማሽን ዘይት ጠቁረው ፊደላቸው ጠፍቷል። እሷ ፊደሉን ሳታይ ትጽፋለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በድረ ገጿ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፋለች። እያንዳንዱ ገጽ ስለ አንድ ማሽንና ስለ አንድ ብልሽት ነው። አንድ ደንብ ነበራት፤ ከፍታ ስላላየችው ማሽን አትጽፍም። ሰው ስለ ገጿ ሲያመሰግናት የምትነግረው ይህንኑ ነው።

አንድ ሐሙስ ሁለት ነገር ደረሰባት። ጠዋት፣ ድረ ገጿን በነጻ የሚያኖርላት ድርጅት ደብዳቤ ላከ። አገልግሎቱ በአርባ ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ጽሑፍ ያለው ሰው ከዚያ በፊት ይውሰድ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ የማሽኑን ሞተር በጆንያ ጠቅልሎ ገባ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ» አላት ገና ከበሩ።

«እኔ? ካየሁህ ስድስት ወር አለፈኝ።»

«ማሽኔ ይጮህብኝ ነበር። ስልኬን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት። በሞተሩ ጎን ባለችው ቀዳዳ በሳምንት ሁለት ጠብታ ዘይት አድርግ አለኝ። አደረግሁ። አሁን ፔዳሉን ስረግጥ ሞተሩ ያጓራል፣ መርፌዋ ግን ንቅንቅ አትልም።»

«ታዲያ ስልክህን ክሰሰዋ! እኔ ምን አገባኝ?»

«ከመልሱ ሥር የእርስዎ ስም አለበታ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ሲጠየቅ የሚመልሰው አዲሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአራት መስመር የተጣራ መልስ ሰጥቷል፤ ከሥሩ ስሟን የያዘው የድረ ገጿ አድራሻ ተቀምጧል። ሞተሩን ፈታች። የሞተሩን ጉልበት ወደ ማሽኑ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ላይ የተለጠፈው ቡሽ ዘይት ጠጥቶ ርሷል። ደረቅ መሆን ያለበት እሱ ነው። ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፣ አይዝም።

ቡሹን እዚያው ቀየረችለት። ልብስ ሰፊው ሲወጣ ደሟ ፈልቶ ነበር። ለልጇ ደወለች። ልጅቷ ድረ ገጽ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች።

«ይሄ መልስ ሰጪያችሁ ያላልኩትን በስሜ ይለፍፋል። የት ነው የሚከሰሰው?»

ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዙራ ፈለገች። አገኘች። አንዴ አነበበች፣ ደገመች።

«እማ፣ ብለሻል።»

«ምን ብያለሁ?»

«በሞተሩ ጎን ባለችው ቀዳዳ በሳምንት ሁለት ጠብታ፤ ለዚህ ዓይነት ሞተር ሁሉ ይሠራል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። ቃል በቃል ነው የወሰደው።»

እትዬ ብሎን መነጽሯን አድርጋ ራሷ አየችው። ሞተሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአሮጌው ላይ ያቺ ቀዳዳ ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ትወስዳለች፤ ዘይት ትፈልጋለች። በአዲሱ ላይ በቀጥታ ወደ ፍሪሲዮኑ ነው የምትወስደው። ስትጽፍ ከፍታ ያየችው አሮጌውን ብቻ ነበር። «ሁሉ» የምትለውን ቃል የጨመረችው ከራሷ ነው።

ለምን እንደጨመረች ታውቃለች። በዚያ ዓመት ድረ ገጿን የሚያኖረው ድርጅት አዲስ አሠራር አመጣ፤ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ገጹ ሲፈለግ ከላይ ይወጣል ተባለ። እሷም በየቀኑ ጻፈች፣ ሁለት ወር ሙሉ። በቀን አንድ ማሽን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ገጥሞ፣ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ አንዱን እያየች ስለ ሦስቱ ጻፈች። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መፍሰሱንም አላወቀች።

ያ አሠራር በዓመቱ ተረሳ። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ማኅበራዊ ገጾች ጎረፈ፤ ድረ ገጽ ሞቷል ተባለ። ቀጥሎ ጽሑፍ የሚያነብ የለም፣ ሁሉ ነገር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ቪዲዮ ይሁን ተባለ። ልጇ አስገድዳት አንድ ቪዲዮ ቀረጸች፤ ደቂቃው ያለቀው ክዳኑን ሳትከፍት ነው። አሁን ደግሞ ገጽ መክፈትም ቀርቷል፤ ሰው ይጠይቃል፣ መልስ ሰጪው ይመልሳል። እትዬ ብሎን እነዚህን ሁሉ አትጠላም። በአካል አይታት የማታውቅ ሴት በገጿ እየተመራች ማሽኗን ራሷ ጠግናለች፤ ይህን ያመጣው ኢንተርኔት ነው። ግን የመጣው መሣሪያ ሁሉ ቶሎ በይ ይላታል። እስካሁን እስቲ ከፍተሽ እዪ ያላት የለም።

«ብዙ አታስቢ» አለች ልጅቷ። «አዲስ መሣሪያ ወጥቷል። አድራሻሽን ስትሰጪው አራት መቶውንም ገጽ አንስቶ አዲስ ቤት ያስገባልሻል። ጽሑፉንም ያሳምረዋል። ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

«ስህተቱንስ?»

«እሱንም ያሳምረዋል» አለችና የተናገረችው ገባት።

በዚያ ሁለት ወር የተጻፉትን ቆጠሩ። ስልሳ አንድ ነበሩ። የቀሩትን ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ ገጾች መሣሪያው እንዲያጓጉዝ ተስማሙ፤ ጽሑፋቸውን እንዳይነካ ግን ልጅቷ ከለከለችው። ስልሳ አንዱን እትዬ ብሎን ለራሷ አስቀረች። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፋ ከካቻቢቴዎቹ ሥር ለጠፈችው።

«በአርባ ቀን ስልሳ አንድ ማሽን ልትከፍቺ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ቀን ቁጠሪ።»

መጀመሪያ የሞተሩን ገጽ አዛወረች። የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር አላጠፋችውም፤ መሐሉ ላይ ሰረዝ ጎትታ ከሥሩ ጻፈች፤ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው። በአዲሱ ሞተር ቀዳዳ ዘይት አታድርጉ። ያደረጋችሁ ካላችሁ ደውሉልኝ።» ስልክ ቁጥሯን ጨመረች።

«እማ፣ ሰው ስህተትሽን አይቶ ይሸሻል።»

«የሸሸ ይሽሽ። ዘይት ያደረገው ግን ይመጣል።»

ለመልስ ሰጪው ባለቤቶችም ጻፈች። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ ወዲያው ደረሳት። መልሱን የጻፈው ሰው እንዳልሆነ ገብቷታል። በሳምንቱ ሰኞ ደግማ ጻፈች። በሚቀጥለውም ሰኞ።

ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የቀድሞ ደንበኞቿ ዘንድ ሄደች። የሆስፒታል አንሶላ የሚጠገንበት ክፍል ገባች። መጋረጃ ሰፊዎች፣ ጆንያ ሰፊዎች፣ ቦርሳ ሰፊዎች ዘንድ ደረሰች። ማሽኑን ትከፍታለች፣ ገጿን በስልኳ እያነበበች ብሎን በብሎን ታመሳክራለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ትገጥማለች። አንድ ጫማ ሠሪ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አላት።

«ማሽኔ ደህና ነው። ምን ልትከፍቺ መጣሽ?»

«ደህና መሆኑን ለማየት።»

«ዶክተር እንኳ ጤነኛ ሰው አይቀድም!»

«እኔ የቀደድኩትን መልሼ እሰፋለሁ። ዞር በል።»

ዞር አለላት። የእሱ ማሽን ላይ የጻፈችው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ጫማ ሠሪው ታዲያ አልነገርኩሽም በሚል ዓይን ሸኛት።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሒሳቡ ይህ ነበር፤ አርባ አምስት ገጽ እንዳለ አለፈ፣ ዘጠኙ ታረመ፣ ስድስቱ ማሽናቸው በመጥፋቱ ተጣለ። አንድ ቀረ።

የቀረው ገጽ የሁሉም ራስ ነው። ቆዳ ስለሚሰፋ አንድ ከባድ ማሽን ነው፤ ስፌት ሲዘል ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ወደ ድረ ገጿ ከሚመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ የሚገባው በእሱ በር ነው። የጻፈችው አንድ ነጋዴ ዘንድ ማሽኑን ቆማ አይታ እንጂ ፈትታ አይደለም። ነጋዴው ማሽኑን ከሸጠ ቆይቷል።

አንድ የሙያ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን አለ ተባለች። ሄደች። መጋዘን ጠባቂው ከወንበሩ ሳይነሳ ጠየቃት።

«ደብዳቤ አለሽ?»

«ካቻቢቴ አለኝ።»

ጠባቂው ሳቀ፤ ሳቁ ቁልፉን አወጣ። ማሽኑ ጥግ ላይ ነበር፣ ትክክለኛው ዓይነት። ጎኑ ላይ ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈትታ ክዳኑን አነሳች። ውስጡ ባዶ ነው። ተማሪዎች ከዓመታት በፊት ለልምምድ ፈትተው ዕቃው በየቦታው ቀርቷል። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ ብሎኖቹንም አጠበቀች።

«ለባዶ ሆድ ብሎን ማጥበቅ ምን ይሠራል?» አላት ጠባቂው።

«እንዲህ ነው የሚገጠመው።»

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልጅቷ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አሮጌው ድረ ገጽ የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነው።

«ይቺን ገጽ እንኳ እንዳለች እንውሰዳት፣ እማ። በአንድ ጠቅታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ማንም አልተማረረባትም።»

«ልብስ ሰፊውም ዘይቱን እስኪጨምር ድረስ አልተማረረም።»

«ትክክል ብትሆንስ?»

«ትሆናለች ይሆናል። አላየሁም።»

«ሰው ሁሉ የሚመጣልሽ በእሷ ነው እኮ! የሚመጣ ከሌለ የቀረውን ለማን ጻፍሽው?»

እትዬ ብሎን ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ በገጹ ቦታ ሦስት መስመር ጻፈች፤ «እዚህ ስለ አንድ የቆዳ ማሽን ጽፌ ነበር። ውስጡን ከፍቼ አላየሁም፣ ስለዚህ አንስቼዋለሁ። ጎኑ ላይ አምስት ብሎን ያለው ይህ ማሽን ያላችሁ ደውሉልኝ።» እኩለ ቀን ላይ አሮጌው አድራሻ መከፈት አቆመ።

በሳምንቱ ልጅቷ የጎብኚዎቹን ቁጥር የሚያሳየውን መስመር አመጣችላት። ቁልቁል ወርዷል፤ ከፈሩትም በላይ፣ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መልስ ሰጪውም ስለ ዘይቱ ያንኑ አሮጌ መልስ ይሰጣል። እትዬ ብሎን መስመሩን አየች፣ እሺ አለች፣ ሰኞም ስለነበር ደብዳቤዋን ላከች።

ስለ ቆዳ ማሽኑ ሁለት ሰዎች ደወሉ። የአንዱ ጎኑ ላይ ያለው አራት ብሎን ነው፣ የሌላው ስድስት። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ኮርቻ ሰፊ ከሩቅ ደወለች።

«ማሽኑ አለኝ፣ እትዬ። ግን እንደ በሬ ይከብዳል። ላመጣልዎ አልችልም።»

«ጎኑ ላይ ስንት ብሎን አለ? ቁጠሪልኝ።»

ሴትየዋ ጮክ ብላ ቆጠረች። አምስት።

«ውስጡ ሙሉ ነው? ይሠራል?»

«ዛሬ ጠዋት ሰፍቼበታለሁ፤ ስፌት እየዘለለ ቢያስቸግረኝም።»

«እንግዲያው አንዱንም ብሎን እንዳትነኪ። እኔ እመጣለሁ።»

አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቃ በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈች። ቅዳሜ ጠዋት የሱቋ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «ማሽን ልከፍት ሄጃለሁ። ማክሰኞ እመለሳለሁ።»