ለወገቤ የተበየደ ብረት

ባሌ ዓለምነው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግቢያችን ግቢ መሆኑ ቀርቷል። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ ሎሚና ጽጌረዳ ሲተክል፣ የኔ ጌታ አሮጌ ቴንደር ግንድ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ተኝቷል። ቴንደር የምንለው ከኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነው። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ቀርቧል!" ስለው ካልሲው ይንቀሳቀሳል፤ መልሱ ያ ነው።

ልፈርድበት ግን አልችልም፤ የሚለፋው ለኔ ነው። ወገቤን ኦፕራሲዮን ከተደረግሁ ወዲህ መኪና ትንሽ ሲነጥር ጩኸቴ ለጎረቤት ይተርፋል። ሐኪሟም "ኮረኮንች መንገድ እንዳትሞክሪ" ብላኛለች። እሺ አልኩ፤ አሽቀሎን አስፋልት ነው፣ ምን ቸገረኝ! ታዲያ የመጨረሻ ልጄ ኦሪን ከባሏ ከሮኢ ጋር ኔጌቭ በረሃ ገብታ በግ ማርባት ጀመረች። አስፋልቱ ያልቃል፣ ደረቅ ወንዝ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ነው። በዚያ ላይ አረገዘች።

"ኢማ፣ አትጨነቂ፣ ሮኢ አለ" ትለኛለች በስልክ፤ ኢማ እናቴ ማለቷ ነው። ሮኢ አለ! ሮኢ መልካም ልጅ ነው፣ ግን ስለ አራስ ምን ያውቃል? "እኛ ቤት ነይ" ስላት ደግሞ "በጎቹን ለማን ጥዬ?" አለች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ማናዬን የወለድኩት ሱዳን፣ ወደዚህ ስንመጣ በቆየንበት ስደተኛ ሰፈር ውስጥ ነው። እናቴ መንገድ ላይ ቀርታብኛለች። እህት የለ፣ አክስት የለ፣ አይዞሽ የምትል ሴት የለ። ያን ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝም፤ ልጄማ እንዴት ትቅመሰው? እየዳኽኩም ቢሆን እሄዳለሁ አልኩ።

ዓለምነው ይህን ሰማ። በሳምንቱ ቴንደሩን እያስጎተተ መጣ። ጎማውን ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጽም ጋር የሚያያይዙትን የብረት ክንዶች አውልቆ፣ በምትካቸው ረዘም ያሉትን ራሱ በይዶ፣ ለስላሳ ሞላ ሊያስገባበት ነው። "ድንጋዩን ጎማው ይውጠዋል፤ አንቺ ትራስ ላይ እንደተቀመጥሽ ትደርሻለሽ" አለኝ። አባቱ ጎንደር ማረሻ የሚቀጠቅጡ ሰው ነበሩ፤ እሱም እዚህ ዕድሜውን ሙሉ የአጥር በር ሲበይድ ኖሯል። ብረቱን የሰጠው ጋራዥ ያለው ጓደኛው ቢንያሚን ነው። "ይሄ እንደ በር ብረት አይደለም፣ ጠንካራ ነው" ብሎት ነበር።

ኦሪን ከቀኗ ቀድማ ሴት ልጅ ወለደች። እልል አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። መኪናው ገና ጎማ አልገባለትም! ዓለምነው ተጣደፈ። የመጨረሻውን ክንድ በየደና የጋለውን ብረት ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተተው። ቸስ አለ። አባቱ ማረሻ ሲሠሩ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። "አለቀ! ነገ እንሄዳለን" ብሎ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠው።

እኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ ከእሳት የወጣ እንስራ ሳታንኳኳ ገበያ አታወጣም ነበር፤ እኔም ሳላንኳኳ አላልፍም። ቀስ ብለው የበረዱትን ክንዶች በማንኪያ መታ መታ ሳደርጋቸው ጥርት አድርገው ጮኹ። ይሄኛው "ዱ" አለ።

"አንተ፣ ይሄ ተሰንጥቋል።"

"ብረት ሸክላ አይደለም፣ ታየች" አለኝ ስሜን ጠርቶ።

"ድምፁ የሞተ ነው እያልኩህ!"

"ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ውሃ ስነክር የኖርኩትን ሰውዬ በማንኪያ ልታስተምሪኝ ነው?"

"እንግዲያው ብቻህን ሂድባት፣ እኔ አልሳፈርም!" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ጎማ ባይኖራትም እሳፈር ነበር። ግን ደሜ ፈልቷል።

እሱም በንዴት ትልቁን መዶሻ አነሳ፣ ሊያሳፍረኝ። አንዴ ቢመታው ብየዳው እንደ ደረቅ ቂጣ ለሁለት ተከፈለ። ዓለምነው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። "የበር ብረት ለስላሳ ነው፣ ውሃ አይጎዳውም። ይሄ ግን በውሃው ነው የተሰነጠቀው" አለ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ደረቁ ወንዝ ላይ ሊሰበር ነበር፣ ታየች። አንቺን ይዤ።" ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ራሱን ይዤ ሆዴ ላይ አስጠጋሁት።

እንደገና ሠራው። አሁን ውሃ አላሳየነውም፤ ትኩሱን ብረት ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረን ቀስ ብሎ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ቢንያሚን ፈተሸው፣ መሐንዲስ አይቶ እስኪፈቅድም ቀናት አለፉ። ኦሪን ስልክ ላይ "በሴዴር፣ ኢማ" ትላለች፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ድምጿ ግን እየደከመ ነው፤ እናት አይደለሁም እንዴ፣ አይጠፋኝም።

ደረቁን ወንዝ ስንወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቴንደሩ ወዝወዝ አለ፣ ወረደ፣ ወጣ። ወገቤ ዝም አለ።

"አለሽ?" አለ ዓለምነው።

"አለሁ፣ ንዳ!"

ኦሪን በር ላይ ስታየኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አስተኛኋት፣ የገብስ ገንፎ አገነፋሁ፣ በቅቤ ማጉረስ ጀመርኩ። ስንት በግ ጠልፋ የምትጥል ሴት አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች፣ አንጀቴን በላችው። ሕፃኗ አጠገባችን ተኝታለች። ዓለምነው ግን አልገባም። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ሥርዓት ወንድ አራስ ካለችበት አይገባም፣ ይረክሳል ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ሲተወው እሱ አልተወውም። ውጭ ሆኖ መኪናው ሥር ቡሎን ያጠብቃል።

"ኢማ፣ አንቺን ሱዳን ማን አጎረሰሽ?" አለችኝ ኦሪን፣ በአማርኛ።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እሱ ያፍራል። ግን ጠየቀችኝ፣ ልዋሻት አልቻልኩም።

"አባትሽ ነው" አልኳት። "ሽማግሌዎቻችን 'ረከስክ' እያሉ ሲቆጡት፣ ድንኳኑን ገልጦ ገባ። በእጁ አጎረሰኝ። ሌላ ማን ነበረኝ?"

ኦሪን ማኘኳን አቆመች። ማንኪያውን ከእጄ ወሰደችና ወደ ውጭ ተጣራች።

"አባ! ና አጉርሰኝ።"

የብረቱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቧንቧው ሲፈስ ሰማን፤ እጁን ታጠበ፣ ታጠበ። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀና ገባ።