የብልቃጡ ጥጥ

ዶክተር ይርገዱ በጎንደር የኤችአይቪ ታካሚዎችን ማከም ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። «በየቀኑ በሚዋጠው ኪኒን ፋንታ በየሁለት ወሩ የሚወጋው መርፌ ቢመጣ ለታካሚዎችዎ ያዛሉ?» የሚል መጠይቅ ሲደርሳት «አላዝም» ብላ ጽፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መንገድ ተዘግቶ ሰው ከቀጠሮው ቢቀርስ? ኪኒን እንደሆነ የሦስት ወሩን አስይዞ መሸኘት ነው።

ያን ቀን ከኮሶዬ መሪጌታ ህሩይ መጡ። ዜማ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው፤ ኪኒናቸውን አንድም ቀን አሳልፈው አያውቁም። የኪኒናቸውን ብልቃጥ ስትከፍተው እንደ ሁልጊዜው ጥጥ ታጭቆበታል። እሷም እንደ ሁልጊዜው መዝዛ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«መሪጌታ፣ ጥጥ መድኃኒቱን እርጥበት ያስይዘዋል ብዬ ስንቴ ልንገርዎ? ለምንድን ነው የሚጠቀጥቁበት?»

«እንዳይንሿሿ ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተማሪዎቼ ከጎኔ ነው የሚያድሩ። አንዲት ጽናጽል ብትዛነፍ እንዲለዩ አድርጌ ጆሯቸውን የገራሁት ደግሞ እኔው ነኝ።»

ይርገዱ ከትሪው ንጹሕ ጥጥ አንስታ አዲሱን ብልቃጥ በገዛ እጇ ጠቀጠቀችው። ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለውም። ለመሪጌታ ሰጠቻቸውና መጠይቁን ከመሳቢያ አውጥታ «አላዝም» ያለችውን ሰረዘች።