ሰብሪያ አንደኛ የወጣችበት ፎቶ

ሰብሪያ ከማሉዲን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የኃላፊው ጸሐፊ ሆና የተቀጠረችው በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እኔ በፍቃዱ እባላለሁ፤ በዚያው ቢሮ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የምተርከውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ቆይታ ራሷ ነግራኛለች።

አባቷ ሼህ ከማሉዲን ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሰብሪያ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች፣ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ተጨምሮበት ሳውዲ፣ ደማም ሄደች። አራት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ ሕዝቡ ከሳውዲ በገፍ በተመለሰበት በኅዳር 2006 እሷም በአንድ ሻንጣ ተመለሰች። ስለዚያ አገር ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ የአሠሪዎቿ ልጆች ቀኑን ሙሉ በታብሌት ጌም ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆማ ታይ እንደነበርና እናታቸው ብቅ ስትል መጥረጊያዋን አንስታ ዞር እንደምትል ነግራናለች። ከተመለሰች በኋላ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። ጣቶቿ ፈጣን ነበሩ፤ ደብዳቤ እየተነገራት ስትጽፍ የሚያነበው ሰው ይደክመዋል እንጂ እሷ ወደ ኋላ አትቀርም።

በክፍሏ ውስጥ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሙሉሐረግ ነበረች። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ቅዳሜ ገበያ አብረው ይወጣሉ። አንዷ ከታመመች ሥራዋን ሌላዋ ትሸፍናለች። ሰው መንትዮቹ ይላቸው ነበር።

የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ ቢሮው ያመጣችው ሙሉሐረግ ናት። በ2008 ፋሲካን ደሴ ወንድሟ ዘንድ ውላ ስትመለስ፣ "ሰብሪ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብላ ወንበሯን አጠገቧ ሳበች። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር አልነበረውም። ኢንተርኔት ይከፈታል፣ አድራሻው ይጻፋል፣ ስም ይሰጣል፣ በቃ። ጥቁር ሜዳ ላይ አንዲት ቀጭን ትል ትሆናለህ። የተበተነውን ባለቀለም ፍሬ እየለቀምክ ትወፍራለህ፣ ትረዝማለህ። ሌሎቹም ትሎች ሰዎች ናቸው፤ የት አገር እንዳሉ አታውቅም፣ ግን በዚያች ደቂቃ እንዳንተው ማውዝ ይዘው ተቀምጠዋል። ጭንቅላትህ የሌላውን ጎን ከነካ ትሞታለህ፤ ሰውነትህ የሚያበራ ፍሬ ሆኖ ይበተናል፣ በአካባቢው ያሉት ይሻሙታል። ሕጉ ይኸው ነው። ትልቅ መሆን አያድንም፤ አሁን የገባ ክር የሚያህል ትል ከፊትህ ከታጠፈ የግማሽ ሰዓት ድካምህ ገደል ይገባል።

ሰብሪያ በመጀመሪያው ቀን አሥር ጊዜ ያህል ሞተች። በሞተች ቁጥር "አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ" ትላለች፣ ጣቷ ግን ከአፏ ቀድሞ እንደገና ጀምሯል። የሚይዝህም ይኸው ነው። መሞት አያስከፍልም፣ መጀመር ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም፣ ደግሞ ሁልጊዜ ለጥቂት ነው የምትሞተው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ሆንን፤ ሰብሪያ፣ ሙሉሐረግ፣ የዕቅድ ባለሙያው ቀመርና እኔ። በአንድ የኢንተርኔት መስመር ስለምንገባ ብዙ ጊዜ አንድ ሜዳ ላይ እንገናኝ ነበር። ከእኔ ክፍል ሆኜ "ማነው ይቺ ቢጫ?" ብዬ ስጮህ ከኮሪደሩ ማዶ የሰብሪያ ሳቅ ይሰማኛል። መብራት ሲጠፋ አራታችንም እኩል እንቃትታለን። ሙሉሐረግ ትሏ ገና ቀጭን በሆነች ጊዜ ሰብሪያ የራሷን ረጅም ትል ዙሪያዋን ጠምጥማ ትጠብቃት ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ የሰብሪያን ጎን እየነካ ሲበተን፣ ሙሉሐረግ ውስጥ ሆና ፍሬውን ትለቅማለች።

"እኔ በሕይወቴ ተጫውቼ አላውቅም" አለችን አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "ልጅ እያለሁ ታናናሾቼን አዝዬ ነው ያደግኩት። ከዚያ ደማም። ወላሂ፣ ከሰው ጋር ስጫወት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።"

ረመዳን ሲገባ ነገሩ ባሰ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት አልገፋ ሲላት ጨዋታው ረሃቡንም ጥሙንም ያስረሳት ነበር። ሙሉሐረግ ክርስቲያን ብትሆንም ሰብሪያ ፊት ውኃ እንኳ አትጠጣም፤ ኮሪደር ወጥታ ጠጥታ አፏን ጠርጋ ትገባለች። ይህን የምናገረው ወዳጅነታቸው የውሸት ነበር እንዳይባል ነው። የውሸት አልነበረም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጨዋታው ለሰብሪያ ከመቼውም በላይ ተሳካላት። ከስክሪኑ ጥግ የአሥሮቹ መሪዎች ስም ይደረደራል። ስሟ አሥረኛ ሆኖ ገባ፣ ስድስተኛ ሆነ፣ ሦስተኛ ሆነ። ሙሉሐረግ ጠራችንና ከሰብሪያ ኋላ ቆምን። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። እታገኘሁ የምትባል፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች ሴት ናት፤ የሟች ባሏ መሬት በስሟ እንዲዞር አንድ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ከጠዋት ጀምራ ተቀምጣለች። ሙሉሐረግ በሩን በትንሹ ከፈተችና "እናቴ፣ ዛሬ ሥራ በዝቷል፣ ነገ ይምጡ" ብላ መልሳ ዘጋችው። ሰብሪያ ሰምታለች። "ቆይ፣ ልጻፍላት" አለች፣ እጇ ግን ከማውዙ አልተነሳም። ወዲያው ከፊቷ የነበረው ትልቅ ትል ተበተነ፣ እሷ በላችው፣ ከወረዳችን ስም ጋር የጻፈችው ስሟም ከሁሉም በላይ ወጣ። "ሰብሪያ ቦረና"፣ አንደኛ። ሙሉሐረግ እየዘለለች በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። ሰብሪያ ወደ ካሜራው ዞራ ሳቀች፤ ከኋላዋ ስሟ ይታያል፣ ከስክሪኑ ታች ጥግ ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ።

በዚያው ሰሞን የመዝገብ ቤት አስተባባሪነት ቦታ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ። ሰብሪያ መወዳደር አላሰበችም ነበር። "ተመዝገቢ እንጂ፣ ካንቺ የሚሻል ማን አለ?" ብላ የገፋፋቻት ሙሉሐረግ ናት። ሁለቱም ተመዘገቡ። "ከሁለታችን ለአንዳችን ከደረሰ ለሁለታችንም ነው" ተባብለው ነበር።

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ግምገማ የተካሄደው ሐምሌ ላይ በአዳራሹ ነው። መድረኩን የመራው ኃላፊያችን አቶ ደሳለው ነበር። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ተነስቶ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርለታል። ሰብሪያ ተነስታ ጠዋት አንዳንዴ እንደምታረፍድ ተናገረች። ተጨማሪ ሂስ ያለው ሲባል ሙሉሐረግ እጇን አወጣች።

"ሰብሪያ እህቴ ናት" ብላ ጀመረች። "የምናገረው እንድትስተካከል ስለምፈልግ ነው።" ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ ደብተር አወጣችና ማንበብ ጀመረች። ቀኑ፣ ጨዋታው የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት። ከግንቦት እስከ ሰኔ መጨረሻ። በረመዳን ያሉትን ቀናት ለብቻ አድርጋቸዋለች። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደብዳቤ ሳይጻፍላት መመለሷን ተናገረች፤ በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ግን አላነሳችም። "ደጋግሜ መክሬያታለሁ" አለች። ከዚያ ስልኳን ለመድረኩ ሰጠች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰብሪያ ስትስቅ፣ ስሟ አንደኛ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት።

አቶ ደሳለው ስልኩን አስቀምጦ "ከማን ጋር ነበር የምትጫወቺው?" አላት።

ሰብሪያ መጀመሪያ ቀመርን አየችው፤ ቀመር የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል ይዘጋል። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በመጨረሻ ሙሉሐረግን ረጅም ጊዜ አየቻት። ስማችንን ብትጠራ መካድ የሚችል ሰው አልነበረም፤ የሦስታችንም ኮምፒውተር ይናገራል።

"ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር" አለችና ተቀመጠች።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ከውድድሩ ወጣች፣ ወደ ዓባይ በኩል ባለች አንዲት ሩቅ ቀበሌ ተመደበች። አስተባባሪነቱን ሙሉሐረግ አገኘች።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ስታለቅስ አባቷ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

"የተባለው ውሸት አለበት?" አሏት።

"የለበትም።"

"ሰው ሳታስተናግጂ መልሰሻል?"

"አዎ።"

"ታዲያ የሚያስለቅስሽ ምኑ ነው?"

"አባ፣ ጨዋታውን ያሳየችኝ እሷ ናት። ፎቶውን ስታነሳኝ ደስ ብሏት ነበር፤ አይቻታለሁ። ያኔ ለዚህ ነበር ያነሳችኝ ወይስ በኋላ አስባበት ነው? እሱን ነው ማወቅ ያቃተኝ።"

"ያንቺን ጥፋት አንቺ ተጸጽተሽ ተውበት አድርጊበት። የእሷን ለአላህ ተዪው። አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት።

ሰብሪያ የተመደበችበት ቀበሌ የእታገኘሁ ቀበሌ ነበር። እንደደረሰች መጀመሪያ የሠራችው ሴትየዋን ፈልጋ ይቅርታ መጠየቅ ነው። እታገኘሁ ያን ቀን ስትመለስ ወንዝ ሞልቶባት ሰው ቤት ማደሯን ነገረቻት። ደብዳቤውን በሳምንቱ ሌላ ሰው ጽፎላታል። "ግን የመለሰችኝ አንቺ አይደለሽም፤ ፊቷን አስታውሳለሁ" አለቻት። ሰብሪያ "እኔም ውስጥ ነበርኩ" ብላ መለሰችላት።

አንድ ዓመት እዚያ ሠርታ ሥራውን ለቀቀች። ቤተሰቡ እንደገና ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ብሎ ሲሰጋ፣ እሷ መካነ ሰላም ፍርድ ቤቱ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማመልከቻና ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ሰው ወደዳት። ተራ ታስጠብቃለች፣ ከገጠር የመጣውን ታስቀድማለች። ጨዋታውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደንበኛ በሌለበት የከሰዓት ዝናብ፣ ብቻዋን ከፍታው እንደነበር ነግራኛለች። "ናፍቆኝ ነበር፣ አልዋሽህም" አለችኝ። "ገባሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየሁ፣ እንደ ድሮው ያው ነው። የማውቀው ስም እየፈለግኩ መሆኔ ሲታወቀኝ ዘጋሁት።"

በ2010 መጋቢት ላይ ሼህ ከማሉዲን አረፉ። ለቅሶው ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ሙሉሐረግም በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ስትወጣ ሰብሪያ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት። እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበሮች እየደራረብኩ ነበር።

ሙሉሐረግ እዚያ ቆመች። "አቶ ደሳለው ጠርተው ኢንተርኔቱን የሚጨርሰው ማነው አሉኝ። አንድ ስም አምጪ አሉኝ። ፈራሁ፣ ሰብሪ። ካንቺ ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣም። ከዚያ ማስረጃ አሉኝ" አለቻት።

ሰብሪያ እስክትጨርስ ጠበቀች። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" አለቻት። "የግምገማው ዕለት ጠዋት፣ አዳራሽ ከመግባታችን በፊት፣ አራታችንም ተጫውተን ነበር። አንቺ ቶሎ ቶሎ እየሞትሽ ስታስቂን ነበር። ደብተሩ ያኔ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?"

ሙሉሐረግ ነጠላዋን አስተካከለች። "ነበር" አለች።

"እሺ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለመጣሽ" አለቻት ሰብሪያ፣ በክርስቲያኑ አነጋገር፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ከሰላምታ አያልፍም።

ሙሉሐረግ መንገዱን ስትታጠፍ ሰብሪያ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ስለ ደብተሩ አላውቅም ነበር" አልኳት።

"ስለ ደብተሩ አልጠየቅኩህም" አለችኝ። "አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ነበርክ።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ከውስጥ ሴቶቹ ጠሯት። ስትሄድ መለስ ብላ፣ "ወንበሮቹ የመስጂድ ናቸው፣ ሳይመሽ ይመለሱ" አለችኝ። አንድ በአንድ ተሸክሜ መለስኳቸው።