አክስቴና ያልተቃጠለችው መጽሐፍ

አክስቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ደረቅ ቆዳ ካየች እጇ አያርፍም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳ እንኳ የቤቱን እመቤት ቦርሳ ሰም ቀብታ ትመለሳለች። ባሏ "አንድ ቀን እኔንም ትወለውይኛለሽ" ይላታል።

ድሮ፣ ፊልም በጥቁርና ነጭ በሚሠራበት ዘመን፣ ስለ መጽሐፍ ሌባ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሱቋ መጡ። በፊልሙ ሌባው በእጅ የተጻፈች አንዲት ብርቅ መጽሐፍ ይሰርቅና አስመስሎ ያሠራትን በቦታዋ ይተካል፤ ሲደረስበት ማስረጃ እንዳትሆን ሐሰተኛዋን መልሶ ወስዶ ያቃጥላል። እውነተኛዋን አንድ ቤተ መጻሕፍት አዋሰ። ሐሰተኛዋ የአክስቴ ሥራ ሆነች።

ዳይሬክተሩ ሁለት ገጽ ይበቃል ቢላት፣ "ግማሽ ሥራ ደግሞ ምን ሥራ ነው?" ብላ ባጠራቀመችው አሮጌ ወረቀት ላይ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠቻት። መንትዮች አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚመሳሰሉ ግን አላየሁም። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! የእውነተኛዋ ቆዳ ደርቆ መሰነጣጠቁን ስታይ አንጀቷ አልቻለም፤ ሐሰተኛዋን በቀባችበት ሰም እሷንም ወለወለቻት።

በማቃጠያው ቀን ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የፊልሙ ዕቃ ያዥ አንዷን አንሥቶ ሳህን ላይ አደረጋት። ሌባውን የሚጫወተው ተዋናይ ክብሪት ሲጭር ጥግ የቆመችው አክስቴ ክው አለች።

"ኧረ በፈጠረህ አጥፋው! የትኛዋ እንደሆነች አይታችኋል?"

ዕቃ ያዡ ጭንቅላቱን አከከ። ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞረ። "የሠራሻት አንቺ አይደለሽ? ለይያት እንጂ!"

አገላበጠቻቸው፤ አሸተተቻቸው። ሁለቱም ሰም ሰም ይላሉ።

"አላውቅም" አለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ያመሳሰልኳቸው እኔው ነኝ። ሳላውቅ ግን አላስነካም።"

"ስቱዲዮው የኛ የሆነው ለዛሬ ብቻ ነው! ይሄ ነው ሙያሽ?"

የሳህኗን በቀኝ፣ ሌላዋን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቆመች። ስድቡን ሁሉ ሰማች፤ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ብሆን አንዷን ገምቼ እገላገል ነበር። የምኮራባትም ለዚህ ነው።

ዳይሬክተሩ እልህ ይዞት ሌላ መጽሐፍ ሳህኑ ላይ ወረወረና "ጫር!" አለ። ተዋናዩ ጫረ። ከዚያ አክስቴን አየት አደረገና እፍ ብሎ አጠፋው። "እሱን ድገመው" አለ ዳይሬክተሩ። ፊልሙ ሌባው ማቃጠል አቅቶት አለቀ።

በማግስቱ አክስቴ ሱቋ ውስጥ መጀመሪያ ሳህኑ ላይ የነበረችዋን መጽሐፍ ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ አለሳልሳ ከፈተችው። ለሐሰተኛዋ ጀርባ ማጠንከሪያ ከውስጥ የለጠፈችው የአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ እዚያ የለም። እውነተኛዋ ነበረች።

ዛሬም ፊልሙ ሲታይ ሰው ለተዋናዩ ያጨበጭባል። አክስቴ አታጨበጭብም። ክብሪቱ ሲጫር እጄን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኛለች።

"አይዞሽ እትዬ፣ ያጠፋዋል" እላታለሁ።

"አውቃለሁ" ትላለች፣ እጄን ሳትለቅ።